በገጽሽ ላይ የለጠፍኩት የሐዘን ማስታወቂያ

ወይንዬ፣ የኔ እናት፣

ያለሽበት ቦታ ደብዳቤ ይደርስ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም፤ ሰላምታ መላክ ግን ማንንም አይጎዳምና እንደምነሽ እላለሁ። ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሆነ። የሄድሽው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነበር፤ አሁን ግንቦት ነው፣ የአዳማ ሙቀት የሱቁን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ፍርሃቴ ግን ብሶብኛል፣ ዛሬ የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው።

ፈሪ መሆኔን ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም። «በቄ፣ ጥላህ እንኳ አስፈቅዶ ነው የሚከተልህ» እያልሽ ስትስቂብኝ ኖረሻል። በር ሲንኳኳ ሌባ ይመስለኛል፣ ስልክ ሲጮህ መርዶ። አንቺ እያለሽ ግን ፍርሃቴ የሚያርፍበት ነበረው፤ ስነግርሽ ትስቂያለሽ፣ ስትስቂ ይቀለኛል። አሁን ለማን ልንገረው? ልጃችን ሕይወት ከሐዋሳ በየጠዋቱ ትደውላለች፤ ለልጅ ደግሞ ፈራሁ አይባልም። በልተሃል ወይ ትለኛለች፣ በላሁ እላታለሁ፣ በዚሁ እንለያያለን።

ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። ልብስሽን ሕይወት ለተቸገሩ ሰጠች፤ የጉዞ ጫማሽን ግን ደብቄባት አልጋ ሥር አለ። የተለወጠው ደጁ ነው። ከሱቃችን ፊት ለፊት የነበረው ግራር ተቆረጠ። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና ታኅሣሥ ላይ መጋዝ ይዘው መጡ። እኔ ወጥቼ ማየት አልቻልኩም፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። ጥላው ሥር ተራ ይጠብቁ የነበሩት ባጃጆች ወደ ታች ወረዱ። ፀሐዩ አሁን እስከ ቀትር ድረስ ሱቁ ውስጥ ይገባል፣ የሰቀልኳቸው የባጃጅ መለዋወጫዎች ቀለማቸው እየለቀቀ ነው። ይህን ልነግርሽ ስለፈራሁ ነው እስካሁን መቃብርሽ ጋ ስመጣ ዝም ያልኩት።

ያን ግራር ድረ ገጽሽ መግቢያ ላይ አድርገሽው ነበር። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ መንገደኛ የሚያርፍባቸውን ዛፎች አንድ በአንድ ፎቶ እያነሳሽ፣ ማን እንደተከላቸው፣ ማን ጥላቸው ሥር እንደተዳረ፣ ማን ጥላቸው ሥር ሻይ እንደሚሸጥ የምትጽፊበት ገጽ። ለዚያ ገጽ ስንል ስንት መንገድ ሄደናል። መቂ ላይ ሚኒባሱን አስቁመሽ ወርደሽ፣ እኔ አንድ እግሬን ደረጃው ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርጌ ቦርሳሽን ይዤ፣ ሾፌሩ ጥሎን እንዳይሄድ ስለማመጠው። ኩየራ ላይ የአንድ ግቢ ዘበኛ ምን እያነሳችሁ ነው ብሎ ሳይጨርስ እኔ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ለካ ሰውየው የተሻለ ዛፍ ሊያሳየን ነበር። አንቺም ይህን ሁሉ ሳታፍሪ ጻፍሽው። «ባሌ ቦርሳ ይዞ ቆሟል» የሚል የሌለበት ገጽ አልነበረሽም።

ማኅበራችሁንም መቼም አልረሳውም። እንዳንቺው በእጃቸው ትንንሽ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች ተፈላልጋችሁ፣ ገጾቻችሁን አያይዛችሁ ነበር። በየገጹ ግርጌ ሁለት ቀስቶች አሉ፤ ቀኙን የተጫነ ወደሚቀጥለው ሰው ገጽ ይሄዳል፣ ግራውን የተጫነ ወደ ቀደመው ይመለሳል። እንዲያ እያለ የሄደ ሰው ሁሉንም ዞሮ የተነሳበት ይደርሳል። ፈረንጆች ቀለበት እንደሚሉት ነግረሽኛል፤ አንቺ ግን እንደ ጽዋ ከቤት ቤት ስለሚዞር ጽዋዬ ነበር የምትይው። ካንቺ በፊት ያሉት የባቱው ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ስለ ሐይቁ ወፎች የሚጽፉ። ካንቺ ቀጥሎ ድሬዳዋ ያለ አሮጌ ሬዲዮ ጠጋኝ። ሁላችሁንም የምታያይዘው ደግሞ የሻሸመኔዋ ሰዓዳ፣ ስለ አርሲና ስለ ወሎ ስፌት የምትጽፈው። ለዓመታት ስትጻጻፉ በአካል ተያይታችሁ አታውቁም። ስልካችንን አትስጪ፣ ያላወቅነው ሰው ቤታችን ይመጣል ብዬ ያስፈራራሁሽ እኔ ነኝ። አንተም ግባ ስትይኝ፣ ምን ልጽፍ፣ ስለ ባጃጅ የላስቲክ ጎሚኒ ወይ አልኩሽና ሳቅን፤ እሺ እገባለሁ ማለት ግን አልቻልኩም፣ ፈራሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ቀብረንሽ የተመለስን ዕለት ሱቁ በር ላይ «በሐዘን ምክንያት ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ለቀስተኛ እየመጣ እየሄደ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ገጽሽ ትዝ አለኝ። ቤታችን ሐዘን ተቀምጧል፣ ያንቺ በር ግን ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፣ የመጣ ሁሉ እንኳን ደህና መጣህ እየተባለ ይገባል። ነውር መሰለኝ። ጣቶችሽ አብጠው መጻፍ ያቃተሽ ጊዜ የሞጆውን ዛፍ አንቺ እየነገርሽኝ እኔ ስለጻፍኩት፣ ገጽ እንዴት እንደሚከፈትና እንዴት እንደሚላክ ተምሬ ነበር። ለማጥፋት የሚበቃ ትምህርት ነው። ላፕቶፕሽን ከፈትኩ፣ መግቢያው ላይ የነበረውን ሁሉ ጠራርጌ በጥቁር መስመር ከበብኩት፣ መሃሉ ላይ የሱቁን ወረቀት ቃል በቃል ገለበጥኩ። «በሐዘን ምክንያት ዝግ ነው።» ላክሁት። በዚያ ሳምንት አንድ ደህና ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

የሱቁን ወረቀት ከሰባት ቀን በኋላ ላጥኩት። ያንቺን መላጥ ግን አልቻልኩም። ከሥሩ ምን እንደቀረ ማየት ፈራሁ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ አርባሽ አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ለመንፈቅሽ ሕይወት ላንጋኖ የተነሳሽውን ፎቶ ፈልግ ስትለኝ ነው ኢሜይልሽን በግድ የከፈትኩት። የሞተ ሰው ፖስታ መክፈት ምን እንደሚመስል አልነግርሽም። ብቻ ሞልቶ ጠበቀኝ።

መጀመሪያ የከፈትኩት የኦቦ ቶሎሳን ነበር። «እህቴ ወይንሸት፣ በባልሽ ሞት የተሰማኝን ሐዘን» ብሎ ይጀምራል። ሁለቴ አነበብኩት። ቀጥሎ የሬዲዮ ጠጋኙን ከፈትኩ፤ አቶ በቀለን ነፍስ ይማር ይላል። ሰዓዳም፣ ሌሎቹም እንደዚያው። ማስታወቂያው ላይ ስም አልጻፍኩም ነበር። ገጹ ያንቺ ነው፣ የዘጋሽው አንቺ ነሽ ብለው ነው የሚያስቡት፣ የዘጋ ደግሞ በሕይወት ያለ ነው፤ ስለዚህ የሞትኩት እኔ ሆንኩ። አንዷ ቦርሳ ይዞ የሚቆመው ደግ ሰው ብላኛለች። ወይንዬ ሙች፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ልቤ መምታቱን አረጋገጥኩ።

የባሰ ያስፈራኝ ግን ሌላው ነው። ጠራርጌ ያጠፋሁት ጽሑፍ ቀስቶቹንም ይዞ ሄዶ ኖሯል። ከወፎቹ ገጽ ወዳንቺ የመጣ ሰው ሁሉ ያ ጥቁር መስመር ፊት ቆሞ መውጫ አጥቷል። ጽዋችሁ ያንቺ ቤት ደርሶ እዚያው ቀርቷል፣ ያ ሁሉ ወር። ሰዓዳ ብትፈልግ የኦቦ ቶሎሳን ቀስት አንቺን አዝልላ ወደ ሬዲዮው ማሳለፍ ትችል ነበር። አላደረገችውም። ሐዘንተኛ አይጣደፍም፣ ስትጽናኚ ትመለሻለሽ፣ ቦታሽ እንዳለ ነው ብላ ጽፋልሻለች። ሁሉም አንቺን ሲጠብቁ ነበር።

ሕጋችሁን አንብበሽልኝ ስለነበር አውቀዋለሁ፤ የሚመልስለት ሕያው ሰው የሌለው ገጽ ይታለፋል። እንግዲህ እውነቱን ከነገርኳቸው በእጄ ላወጣሽ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ እኔ ሞቼ አንቺ አለሽ፣ ጥቁር ለብሰሽ ቤት ተቀምጠሻል፣ ቀስ በቀስ እየተጽናናሽ ነው። ላፕቶፑን ዘጋሁትና ለማንም ሳልተነፍስ ሱቄ ሄድኩ። ብዙ ሳምንት እንደዚያ ሆንኩ። መለዋወጫ እየሸጥኩ በልቤ እኔ ሞቻለሁ እላለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ደስ ማለቱ ያስፈራኛል። አንድ ቀን ጨክኜ የመግቢያሽን የድሮ ጽሑፍ ላፕቶፑ ውስጥ ፈለግሁ። የለም። በላዩ ላይ ነው የጻፍኩበት። ግራሩ ከደጅ በመጋዝ ሄደ፣ ከገጽሽ ደግሞ በኔ ጣት ሄደ፣ ያንቺም ሰላምታ አብሮ። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ፣ ግን እንደሚገባኝ አላለቀስኩም፤ ጎረቤት ይሰማል ብዬ ፈራሁ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ሱቁ ውስጥ እያለሁ ሻሽ ያሰረች፣ ስኳር በፌስታል ያንጠለጠለች ሴት መጣች። ላብ አጥምቋታል። አዲስ አበባ ዕቃ ልታመጣ ስትሄድ መንገድ አቋርጣ ወርዳ፣ ከዚያ ጀምሮ ስትጠይቅ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ምልክቷ ፎቶው ላይ ያየችው ግራር ነበር፣ ግራሩ ደግሞ የለም።

«አባባ፣ የወይንሸትን ቤት ያውቁታል? ባሏ ያረፈባት። ዛፍ ፊት ለፊት ነው ብላ ነበር፣ ዛፍ የሚባል አጣሁ።»

ሰዓዳ እንደሆነች ወዲያው ገባኝ። አላውቅም ብላት ትሄዳለች፣ አንቺም ቦታሽ ላይ ትቀሪያለሽ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስኳሩን አየሁት። ካንቺ ጋር ሐዘን ልትቀመጥ ከሻሸመኔ ድረስ የመጣች ሴት ናት፣ ለቀስተኛ ከደጅ እንዴት ይመለሳል? ተነሳሁ።

«ባሏ እኔ ነኝ» አልኳት። «የሞተችው እሷ ናት።»

ፌስታሉን መሬት አስቀመጠችው። ስምሽን ጠርታ እሪ አለች። ሰፈሩ ወጣ። ሰባት ወር የሞላው ሐዘን ሱቃችን ደጃፍ ላይ እንደ አዲስ ተነሳ፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ ከታች ሮጠው መጡ፣ ጎረቤቶች አግዳሚ አወጡ። አይታሽ የማታውቅ ሴት እንደ እህት አለቀሰችልሽ። እኔም ያን ጊዜ ነው ማን ይሰማል ሳልል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያለቀስኩልሽ። ናፍቀሽኛል ወይንዬ። በጣም ናፍቀሽኛል።

ስትረጋጋ የፈራሁትን ጠየቅኋት፤ ታልፏታላችሁ ወይ አልኳት። አልዋሸችኝም። ጠባቂ የሌለው ገጽ አንድ ጊዜ ትተው ባለጌ ገብቶበት የቁማር ማስታወቂያ ሞልቶበት እንደነበር፣ ቀስቱን አምኖ የመጣ ሰው ሁሉ እዚያ ይወድቅ እንደነበር ነገረችኝ። ለዚህ ነው ሕጉ። ከዚያ ጋሼ አለችኝ፣ ጠባቂ የለውም ያለው ማነው? እርስዎ አሉ አይደል? እኔ ጎሚኒ ሻጭ ነኝ አልኳት። አዲስ የሚገባ ሰው በገዛ እጁ አንድ ነገር ጽፎ ማሳየት አለበት፣ ቀስቶቹንም መመለስ አለበት፣ እስከ ግንቦት እጠብቅዎታለሁ ብላ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ኦቦ ቶሎሳ ስልኬን ከሰዓዳ ተቀብለው በማግስቱ ደወሉ። አካም ጅርቱ ጋሼ በቀለ፣ ሞቱ ያልናቸው ሰው ድምፅ ጥሩ ነው ብለው ሳቁ፣ ወዲያው ድምፃቸው ተሰበረ። እሳቸው ጋ ኔትወርክ ስለሚያስቸግር የጎረቤቶቻቸውን ገጽ እያስቀመጡ ነው የሚያነቡት፤ ያንቺም መግቢያ ስልካቸው ውስጥ ነበር። ላኩልኝ። ግራሩ ትንሽ ሆኖ፣ ደብዘዝ ብሎ መጣ። ሰላምታሽ ግን ኔትወርኩ በመሃል አቋርጦት ኖሮ ግማሹ ብቻ ነው ያለው። «ደክሟችሁ ከመጣችሁ እዚህ አረፍ በሉ፣ ጥላው የማንም አይደለም፣ እኔም» ይልና ይቆማል። «እኔም» ከሚለው በኋላ ምን እንዳልሽ ስንቴ አነበብኩት መሰለሽ፣ አሁን አላስታውሰውም። ገምቼ መሙላት እችል ነበር። ፈራሁ፤ ያላልሽውን በስምሽ ማለት ፈራሁ። እንደተቆረጠ ተውኩት። ከሥሩ ወይንሸት አርፋለች፣ ለሚጠይቅ የሚመልስ ባሏ በቀለ ነው ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለቱን ቀስቶችም ግርጌው ላይ መለስኳቸው። ያንን አርፋለች የሚለውን ቃል ስጽፍ እጄ ሦስት ጊዜ ተሳሳተ።

ድረ ገጽሽ ላይ በገዛ እጄ ለምጨምረው ገጽ ደግሞ ልታነሺው ፈልገሽ ያልደረሰልሽን የሶደሬውን ሾላ አሰብኩ፣ አዋሽ ዳር ያለውን። ሕይወት መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ማን አብሮህ ይሄዳል፣ አባዬ ለአንድ ዛፍ ብለህ ብላ ተቆጣችኝ፣ መጨረሻ ላይ አለቀሰች፤ እሷም ለካ ፈሪ ናት፣ አንተንም ልጣ ወይ አለችኝ። ማታ ሳይሆን ጠዋት ሄጄ ለምሳ እመለሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። ሚኒባሱ በቆመ ቁጥር አንገቴን እያወጣሁ ደረስኩ። ወንዙ ዳር አዞ አለ ሲሉ ስለሰማሁ ከርቀት ነው ያነሳሁት። ጦጣ መጥታ ቦርሳዬን ስትጎትት፣ እኔ ወዲህ እሷ ወዲያ፣ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ይህን ብታዪ ገጽ ሙሉ ትጽፊበት ነበር። ፎቶው ላይ የአውራ ጣቴ ጫፍ ገብቷል። ከሥሩ የጻፍኩት አራት መስመር ነው፤ ይህን ዛፍ ባለቤቴ ልታነሳው ፈልጋ ነበር፣ ዛሬ ቦርሳውንም ካሜራውንም የያዝኩት እኔ ነኝ የሚል። ሰዓዳ አይታ ገብተዋል ብላ ላከችልኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላፕቶፑን ከፍቼ ልዞር ተነሳሁ። ካንቺ ገጽ ተነስቼ ቀኙን ቀስት ተጫንኩ፣ የድሬዳዋው ሬዲዮ መጣ። ተጫንኩ፣ ሌላው መጣ። አንዱ በሌላው ላይ እየሄደ፣ የሰዓዳን ስፌቶች አልፌ፣ ብዙ የማላውቃቸውን ቤቶች አልፌ የኦቦ ቶሎሳ ወፎች ጋ ደረስኩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ያለሽው አንቺ ነሽ። እዚያ ላይ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። እኔው ነኝ የሠራሁት፣ መኖርሽን አውቃለሁ፤ ግን ባትኖሪስ? ጥቁሩ መስመር ተመልሶ ቢመጣስ? ወደ ሬዲዮው ብዘልስ? ከመንገድ ስትዘገዪብኝ በር ላይ ቆሜ የምፈራውን ያንኑ ፍርሃት ፈራሁት፣ ልቤም እንደዚያው መታ። ተጫንኩ። ገጹ ለመከፈት ዘገየ፣ ነጭ ሆኖ ቆየ፣ ከዚያ ግራሩ መጣ፣ ስምሽ መጣ፣ ያ ግማሽ ሰላምታሽ መጣ።

ገብተሻል ወይንዬ። በየእሁዱ እዞራለሁ፣ ሕይወትንም አስተምሬያታለሁ፣ እኔ ስቀር እሷ ትዞራለች። ያንን አልፈራም። ሰው ሐዘን ይለመዳል ይለኛል፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ አንድ እሁድ ወፎቹ ጋ ደርሼ ልቤ ሳይመታ፣ እንደ ማንኛውም ገጽ ዝም ብዬ ተጭኜ እንዳልገባ። ስለዚህ ቃሌ ይኸው ነው፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ያቺን የመጨረሻዋን ቀስት ሳልፈራ አልጫናትም።

ያንቺው በቄ
ከአዳማ